እጅህ ደረቅ ነው?

ረውዳ ሚስባህ ፈሪ ናት። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ይሻላል፤ በኋላ የሠራችውን የሰማ ሰው ጀግና ናት ብሎ እንዳያስወራባት። ከቤት ስትወጣ በሩን ሦስት ጊዜ ትሞክራለች። ሰማይ ሲያጉረመርም ስልኳን ታጠፋለች። በጦርነቱ ጊዜ ከአባቷ ጋር ደሴን በእግሯ ለቃ ወጥታ ስትመለስ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታቸው በሩ ተገንጥሎ፣ ውስጡ ተራቁቶ ነበር የጠበቃት። ከዚያ ወዲህ የቆመ ነገር ሁሉ ለመፍረስ የተዘጋጀ ይመስላታል።

እንዲህ ያለች ልጅ ታዲያ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የመረጠችውን ሥራ ተመልከቱ።

ኮምቦልቻ ላብራቶሪ ውስጥ ሶዲየምና ሲሊከን አዋህዳ ግራጫ ዱቄት ትሠራለች። ዱቄቱ ውሃ ከነካው ይነዳል፤ አንዲት ጠብታ ትበቃዋለች። አየር በሌለበት ቱቦ ውስጥ ከትታ በቀስታ ስታሞቀው ሶዲየሙ ጥቂት በጥቂት ይወጣል፣ የቀሩት የሲሊከን አቶሞች ደግሞ ተያይዘው በዐይን የማይታዩ ቀፎዎች ይሠራሉ። ሳይወጣ የቀረው ሶዲየም በየቀፎው ውስጥ እንደ እንግዳ ይቀመጣል። ቀፎው አንዴ ከተሠራ ለዓመታት ሊቆም ይችላል። ግን የረጋ ነገር አይደለም። ሙቀቱ ከልኩ ትንሽ ካለፈ ፈርሶ ተራ ሲሊከን ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ ብሎ ነገር የለም።

አማካሪዋ ዶክተር በላቸው «ለዚህ ሥራ ፈሪ ነው የሚሆነው» ይሏታል። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየችውም።

ከሂሻም ጋር የተገናኙት በሐምሌ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው ሐረጎ ዳገት ላይ ነው።

ዱቄት ላይ ጨረር ለቅቆ አቶሞቹ እንዴት እንደተደረደሩ የሚያሳየው የራጅ መሣሪያ ያለው ደሴ ነው። የዚያን ቀን የትምህርት ክፍሉ መኪና ተበላሸና ረውዳ ማድረግ የሌለባትን አደረገች። ቁንጥር የምታህል ዱቄት በመስታወት ቱቦ አሽጋ፣ ቱቦውን ደረቅ አሸዋ በሞላው የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ቀብራ፣ ሚኒባስ ተሳፈረች። ያ ሁሉ ፍርሃት የት ሄዶ እንደነበር እሷም አታውቅም። ሐረጎ ላይ ሲደርሱ ግን ተመልሶ መጣ። ዝናቡ ወረደ፤ የሚኒባሱ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ፤ ይህ ሳያንስ መንገድ ላይ የተሳፈረ አንድ በዝናብ የበሰበሰ ወጣት አጠገቧ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ አምጪ ልያዝልሽ። በየኩርባው ጉልበትሽን እየወጋሽ ነው።»

«እንዳትነካው!»

ሾፌሩ በመስታወት አያት። ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ።

ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምንድን ነው?» አለ።

«ዱቄት።» ልትዋሽ አስባ ነበር፤ ፍርሃት እውነቱን አስወጣት። «ውሃ ከነካው የሚነድ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይስቃል፣ ወይ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮሃል። እሱ ግን መጀመሪያ ቆርቆሮውን፣ ቀጥሎ የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ ከዚያ የራሱን እርጥብ እጅጌ አየ። ከቦርሳው ፌስታል አውጥቶ በሁለት ጣቱ ከቆርቆሮው በላይ ዘረጋው። ቆርቆሮውን ሳይነካ፣ እንደ ጃንጥላ ይዞ ደሴ ድረስ ወሰዳት። ክንዱ ሲዝል እጁን ይቀይራል።

ሲወርዱ «ረውዳ አንቺ ነሽ አይደል?» አላት። «ለዛሬ ራጅ ቀጠሮ የያዝሽው። መሣሪያው ላይ የምሠራው እኔ ነኝ። ሂሻም።»

ፊቷ ቀላ።

«በሰው መሃል እንዲህ ያለ ነገር ይዘሽ ሁለተኛ እንዳትሳፈሪ። ወላሂ፣ ዝም የምልሽ ለዛሬ ብቻ ነው።»

ተቆጥቷታል። እሷም የተቆጣት ሰው እንደዚያ ያለ ለስላሳ ዐይን ሊኖረው እንደሚችል አላወቀችም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሂሻም ሐሙስ ሐሙስ ሐርቡ እናቱ ዘንድ ሲወርድ ኮምቦልቻ ላይ መውረድ ጀመረ። ምክንያቱ ከቱቦው አየር የሚመጥጠው ፓምፕ ነው። ፓምፑ እንደሆነ በየሳምንቱ የሚጠገን ነገር አያጣም፤ አንዳንድ ሐሙስ ደህና እያለም ይጠገናል። ዶክተር በላቸው ይህን አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

ረውዳ በሩ ላይ ታስቆመዋለች።

«እጅህ ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው።» ጠዋት ሰልፍ ላይ ጥፍሩ እንደሚታይ ተማሪ መዳፉን ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ወደ ታች አድርጎ ያሳያታል።

«ቢሆንም።» ፎጣ ትዘረጋለታለች። ጫፉን እሷ፣ ሌላውን ጫፍ እሱ ይይዛል። አራት ወር ሙሉ ጣታቸው ተነካክቶ አያውቅም። ያቺ ፎጣ ግን ብዙ ነገር ታውቃለች።

የራጁን ወረቀት ማንበብ ያስተማራት እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ ጨረሩ የተመለሰበት ማዕዘን በቁጥር ተደርድሮ፣ በየቁጥሩ ላይ ጫፎች ይቆማሉ። «ሌላውን ሁሉ እርሺው» አላት። «ሃያ ስምንት ነጥብ አራት ላይ ረጅም ጫፍ ካየሽ ቀፎው ፈርሷል።» የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙከራዎቿ ሦስቱም ሃያ ስምንት ነጥብ አራት ላይ እንደ መስጊድ ሚናሬት ተተክለው መጡ። ቁጥሩን ከመፍራቷ የተነሳ የስልኳ ባትሪ ሃያ ዘጠኝ ሲል ቻርጀር ትፈልጋለች።

አንድ ቀን «ይህን ያህል እየፈራሽ የሚፈርስ ነገር ለምን መረጥሽ?» አላት።

«ሊፈርስ እየቻለ ይቆማላ። እኔ የማልችለውን ስለሚችል ነው።»

ሂሻም አያት። እሷ ፎጣውን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች።

በኅዳር አንድ ሐሙስ፣ የአራተኛው ሙከራ ሁለት ቱቦዎች ምድጃው ውስጥ ቀዝቅዘው ሲጠብቁ፣ ሂሻም እጁን አሳይቶ፣ ፎጣውን ተቀብሎ፣ ፓምፑን ፈታቶ ገጠመና እንዲህ አላት።

«እሑድ ቧንቧ ውሃ ሽማግሌ ይመጣል። አባትሽ ዘንድ።»

«ለምን?»

«ለምን ይመስልሻል?» ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ጠፋ፤ እሱም ፈርቷል። «አሁን አትመልሺልኝ። ዐሱር ሰግጄ ልምጣ።»

ጆግ ይዞ ደጅ ወጣ። ረውዳ ብቻዋን ቀረች። ደስታ ነው ያልኳችሁ እንደሆነ ውሸት ነው፤ ደስታውን ከሥር አድርጎ ከላይ የተጫነው ፍርሃት ነበር። አባቷ እምቢ ቢሉስ? እሺ ቢሉስ? ቤቱ ሞልቶ እንደገና ባዶ ሆኖ ቢገኝስ?

እጇን ሥራ ለማስያዝ አንደኛውን ቱቦ ከፈተች። ዱቄቱን ትንሽ ሳህን ላይ ገለበጠችው። ቀፎ ያልሆነ ቅሪት ስለሚኖርበት በአልኮል መታጠብ አለበት፤ እስኪታጠብ ድረስ ያው የድሮው ዱቄት ነው። በመስታወት ክዳን ሸፍና ከሥሩ ደረቅ ጋዝ ለቀቀችበት። ወዲያው የጋዙ መለኪያ መርፌ ወደ ባዶ ወረደ። ሌላ ሲሊንደር እስክትገጥም ክዳኑን የሚይዝላት ሰው አስፈለገ።

«ሂሻም! ድረስ!»

ሂሻም ለሶላቱ ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ መጨረሱ ነበር። ጆጉን በር ላይ አስቀምጦ ሮጠ። ፊቱን ለመታጠብ ያወለቀውን መከላከያ መነጽር ግንባሩ ላይ ሰቅሎታል፤ እጅጌው እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል። የውዱእ ውሃ አይጠርግም፤ እናቱ እንዲያ ነው ያሳደጉት።

«ይህን ያዝልኝ» አለችው።

ጥያቄው መምጣት የነበረበት እዚህ ላይ ነው። በሩን ሦስት ጊዜ የምትሞክረው ረውዳ አልጠየቀችም። ልቧ ቧንቧ ውሃ፣ እሑድ ላይ ነበር።

ሂሻም አጥብቆ ሊይዘው ሲል ክዳኑን ትንሽ ከፍ አደረገው። ከክርኑ አንዲት ጠብታ ወደ አንጓው ሮጠች፣ ከአንጓው ሳህኑ ላይ ወረደች።

ነጭ ብርሃን ቦግ አለ፤ ጧ የሚል ድምፅ ተከተለው። ሂሻም ሳህኑን በክንዱ ወደ ግድግዳው ጠርጎ በእሷና በእሳቱ መካከል ሲቆም አየችው። ከዚያ እሳቱ እንደመጣ ጠፋ። ሂሻም ተንበርክኮ ነበር።

«ረውዳ… ዐይኔ…»

ፊቱ ላይ ግራጫ ዱቄት ተነስንሷል። ረውዳ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ያወቀችው ነገር ነው ያደነዘዛት። ያልነደደ ዱቄት ካለበት፣ ውሃ ስታፈስበት ፊቱ ላይ ይነዳል። ካላፈሰሰችበት ደግሞ ከእሳቱ የቀረው ኮስቲክ ሶዳ ዐይኑን ይበላዋል። ቆመች። አንድ፣ ሁለት ብሎ የቆጠረ ሰው ሁለት ሴኮንድ ይላል። እሷ ዕድሜ ልኳን እዚያ የቆመች መሰላት።

ከዚያ ሻርፗን ከራሷ ላይ ገፈፈች። በአጠገቧ ያለ ደረቅ ጨርቅ እሱ ብቻ ነበር። ዱቄቱን ከፊቱ ላይ አራገፈች፣ አራገፈች። ውሃ የተረፈበትን ጆግ ከበሩ አነሳች። ቢስሚላህ ብላ፣ ዐይኗን ሳትጨፍን፣ ለአንድ ዓመት ከዚህ ክፍል ስታባርረው የኖረችውን ውሃ ሂሻም ፊት ላይ አፈሰሰች።

አልነደደም።

እየጎተተች ደጅ ቧንቧው ሥር ወሰደችው። መኪና እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ በአንድ እጇ ማጅራቱን ይዛ፣ በሌላው የዐይኑን ሽፋን ገልጣ ውሃ አስወረደችበት። እሱ «አትልቀቂኝ» ይላል። «አልለቅህም» ትለዋለች።

ደሴ ሆስፒታል በር ላይ ከእጇ ሲቀበሏት ግን ለቀቀችው። ወደ ቤቷም ሸሸች።

አራት ቀን ከክፍሏ አልወጣችም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ትራስ ትጭንበታለች። ያቺን ሁለት ሴኮንድ እያነሳች ትጥላለች፤ ዐይኑን ያጠፋው ያ መዘግየት ይሁን ያ ጥያቄ የቀረበት ቅጽበት ይሁን መለየት አቃታት። እሑድ መጣ፤ ሽማግሌ አልመጣም። ሰኞ ስልኩ እንደገና ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው፤ አነሳችው።

«ረውዳ የምትባይው አንቺ ነሽ?» የእናት ድምፅ። «ከይሪያ ነኝ፣ የሂሻም እናት። ልጄ መልእክት አለው። ‹ሁለተኛውን ቱቦ ትጠበው፣ ራጁን ራሷ ታንሳው፣ ወረቀቱን ይዛ ትምጣ› ይላል።»

ስለ ዐይኑ ምንም አላሉም። ረውዳም አልጠየቀችም።

አባቷ አቶ ሚስባህ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። ሠላሳ ዓመት ሐረጎን በጭነት መኪና የወጡ የወረዱ ሰው ናቸው፤ ንግግር አያበዙም።

«ልጄ፣ ሐረጎን ስትወርጂ ፍሬን ላይ ብቻ ከተኛሽ ፍሬኑ ይቃጠላል። ያን ጊዜ ነው ገደል የሚገባው። ማርሽ አስገብተሽ፣ እየፈራሽ፣ ቀስ ብለሽ ነው የምትወርጂው። መቆም ግን የለም።»

ማክሰኞ ኮምቦልቻ ወረደች። ዶክተር በላቸው አጠገቧ ቆመው፣ ሁለተኛውን ቱቦ ከፍታ በአልኮል አጠበችው። ትንሽ ሽሽ አለና ዝም አለ። ረቡዕ ደሴ ወጥታ የሂሻም ወንበር ላይ ተቀምጣ ራጁን አነሳች። ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ አላየችውም። ገልብጣ አጠፈችውና ሆስፒታል ሄደች።

አልጋው አጠገብ ወይዘሮ ከይሪያ ተቀምጠዋል። ሂሻም ሁለት ዐይኑ በፋሻ ተሸፍኗል፣ ቀኝ ክንዱም ተጠቅልሏል።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ እማማ። ረውዳ ነኝ።» የተለማመደችው ንግግር ጠፋባት። «ልጅዎን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ እጅህ ደረቅ ነው ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ። የዚያን ቀን አልጠየቅኩትም። ቢረግሙኝ አይፈረድብዎትም።»

ወይዘሮ ከይሪያ ቀና ብለው አዩዋት።

«ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ያኔውኑ ውሃ ያፈሰሰበት ሰው ባይኖር ሁለቱም ዐይኖቹ አብቅቶላቸው ነበር› አለኝ። ያ ሰው ማነው?»

«እኔው ነኝ።»

«እንግዲያ ሁለቱም አንቺው ነሻ! የትኛዋን ልርገም፣ የትኛዋን ልመርቅ?» እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «አብሽሪ ልጄ። ተቀመጪ።»

«መጣች?» ሂሻም ራሱን ከትራሱ ቀና አደረገ። «ወረቀቱን ይዛለች?»

«ይዣለሁ።»

«አንብቢልኝ። ከታች ጀምሪ።»

ረውዳ ወረቀቱን ዘረጋች፤ መሃሉን ግን በመዳፏ ሸፈነችው።

«አሥር ነጥብ አራት ላይ አለ። አሥራ ሰባት ላይ። ሃያ። ሃያ ነጥብ ዘጠኝ። ሃያ አራት ነጥብ ሁለት። ሃያ ስድስት ነጥብ አራት…»

መዳፏ ላይ ደረሰች።

«ቀጥይ።»

«ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ። ሃያ ስምንት ነጥብ አራት ላይ ምን አለ?»

መዳፏን አነሳች።

«ትንሽ ጉብታ። የጥፍር ጫፍ የምታህል።»

«ሃያ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት?»

«ረጅም።»

«ሠላሳ አንድ ተኩል ላይስ?»

«ከሁሉም ይረዝማል።»

ሂሻም ትንፋሹን ለቀቀ። «ቆሟል። ረውዳ፣ ቀፎሽ ቆሟል!»

ወይዘሮ ከይሪያ ምን እንደቆመ ባይገባቸውም «አልሃምዱሊላህ» አሉ።

ከዚያ ሂሻም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ፋሻው አርብ ይፈታል» አለ። «ካየሁ ሽማግሌ ይመጣል። ካላየሁ… የሰማሽውን እንዳልሰማሽ ቁጠሪው። የራጅ ወረቀት የማያይ ሰው ይዘሽ ምን ትሆኛለሽ?»

ረውዳ ተነሳች። ወደ እናቱ ዞረች።

«እማማ፣ ሽማግሌው ነገ ይምጣ። ፋሻው ሳይፈታ።»

«ረውዳ!» አለ ሂሻም። «ፈሪ አይደለሽ እንዴ?»

«ነኝ። እየፈራሁ ነው የምለው።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ቧንቧ ውሃ ገቡ። አቶ ሚስባህ «ልጁ ዐይኑ ምን ይሆን?» ብለው አንድ ጊዜ ጠየቁ። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ «አላህ ነው የሚያውቅ፣ ነገ ይፈታል» አሉ። አባትየው ልጃቸውን በበሩ ስንጥቅ አዩዋት። ራሷን ዝቅ አደረገች። «እንግዲያ እኛም ሳናውቅ ሰጥተናል» አሉ።

አርብ ፋሻው ተፈታ። ቀኝ ዐይኑ አየ። ግራው ብርሃንና ጨለማን ብቻ ነው የሚለየው፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ኒካሁ በጥር ታሰረ። ወንዶቹ ሳሎን ውስጥ ፋቲሃ አንብበው ሲያበቁ ሂሻም እሷ ያለችበት ክፍል ገባ። ረውዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሰው እንዳያያት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ታለቅሳለች። ደስታና ፍርሃቷን መለየት አሁንም አልሆነላትም።

ሂሻም በር ላይ ቆመ፤ እሷ ታስቆመው እንደነበረው።

«ረውዳ። እጅሽ ደረቅ ነው?»

እጆቿን ከፊቷ አውርዳ አየቻቸው። መዳፋቸውን ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ወደ ታች አድርጋ አሳየችው።

«አይደለም» አለች። «እርጥብ ነው።»

«አምጪው» አለና ጠባሳ ባለበት እጁ ያዛት።